የጢስ ማውጫ ሣጥን አሠራርና አመራረጥ

ኬሚስትሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ተጽፎ የሚያልቅ ትምህርት ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ባላስፈለገም ነበር። ነገር ግን ኬሚስትሪ በእጅ የሚሠራ፣ በዐይን የሚታይ፣ አንዳንድ ጊዜም ሳይጋበዝ በአፍንጫ የሚገባ ትምህርት ነው። የመዳብ ቁራጭ ባልቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ቢጣል ቡናማ ጢስ ይነሣል። ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አብረው ቢሞቁ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ክሎሪን ይወጣል። በአይረን ሰልፋይድ ላይ አሲድ ቢፈስበት የገማ ዕንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይፈጠራል። እነዚህን ሦስቱንም በክፍላችን ያለን ሁሉ በመጽሐፍ እናውቃቸዋለን፤ ፎርሙላቸውንም ለፈተና ስንል በቃላችን ይዘናል። ጢሱ ከተነሣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን መጽሐፉ ብዙ አይነግረንም።

ይህን ጥያቄ ዘንድሮ ማንሣት ያስፈለገበት ምክንያት አለ። የወላጆች ኮሚቴ ለትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ አንድ የጢስ ማውጫ ሣጥን ለማስገባት ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምሯል። ይህን ዕቃ እንግሊዞች ፊዩም ካፕቦርድ፣ አሜሪካኖች ፊዩም ሁድ ይሉታል። በኮሚቴው ፊት የቀረቡት ሐሳቦች ሦስት ናቸው። አንደኛው ቧንቧ የማያስፈልገውን፣ አየሩን በከሰል አጣርቶ መልሶ ወደ ክፍሉ የሚለቀውን ሣጥን ከውጭ አገር ማስመጣት ነው። ሁለተኛው ለሆቴል ማድ ቤት ጢስ ማውጫ የሚሠራ የብረታ ብረት ባለሙያ ከማይዝግ ብረት እንዲሠራልን ማድረግ ነው። ሦስተኛው በእንጨትና በፕላስቲክ አሠርቶ በፕላስቲክ ቧንቧ ከጣራ በላይ ማውጣት ነው። ገንዘቡን የሚያዋጡት አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸውና የሚገዛው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ምንስ ሊሠራ እንደማይችል ቢያውቁት መልካም ይሆናል በማለት ይህን አቅርቤአለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ጢሱ ጥቂት እንበል። ብዙ ሰው «አደጋ ካለ አፍንጫዬ ይነግረኛል» ብሎ ያምናል። አፍንጫ ግን ታማኝ ዘበኛ ሆኖ አልተገኘም። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እጅግ ጥቂት ሳለ ገና ይሸታል፤ መጠኑ ከፍ ብሎ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ውስጥ 100 እጅ ያህል ሲደርስ ግን የማሽተትን ስሜት ያደነዝዛል። ስለዚህ ሽታው ጠፋ ብሎ ደስ የሚለው ሰው ምናልባት አደጋው የጨመረበት ሰው ነው። መጠኑ ከ500 እስከ 1,000 እጅ ሲደርስ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊገድል ይችላል። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ሌላ ተንኰል አለው፤ በሚተነፍሱት ጊዜ ጥቂት ሳል ብቻ አስነሥቶ ያልፍና ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ሰውየው ቤቱ ገብቶ ራቱን ከበላ በኋላ፣ ሳንባውን ውኃ ሊሞላው ይችላል። ክሎሪንን በ1774 ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው መድኃኒት ቀማሚው ካርል ቪልሄልም ሼሌ በስዊድን አገር ይኖር ነበር፤ የሚሠራውንም ነገር የማሽተትና የመቅመስ ልማድ ነበረው። በ1786 በ43 ዓመቱ ሞተ። ለሞቱም አርሴኒክ፣ ሜርኩሪና የመሳሰሉት መርዞች ምክንያት ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ይገመታል።

ጢስን ከሰው ማራቅ አዲስ ጥበብ አይደለም። በአገራችን ማድ ቤት ከመኖሪያው ቤት ተለይቶ የሚሠራው፣ ከጣራውም ሥር ክፍተት የሚተውለት ጢሱ መውጫ እንዲያገኝ ነው። ይሁን እንጂ እንጀራ ስትጋግር የዋለች እናት ዐይኗ እንዴት እንደሚቀላ ሁላችንም አይተናል። ጢሱ መውጫ አላጣም፤ ነገር ግን ከምድጃው ተነሥቶ መውጫው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በፊቷ በኩል ያልፋል። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እዚህ ላይ ይገኛል። ጢሱ ከክፍሉ መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ ከሰው ፊት ሳይደርስ መውጣት አለበት። ለዚህም ንጹሕ አየር ከሠራተኛው ጀርባ ተነሥቶ፣ በአጠገቡ አልፎ፣ ወደ ጢሱ እንዲሄድና ጢሱን ይዞት እንዲወጣ ይደረጋል።

በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሮተንዳ የሚባለው ሕንፃ ሲታደስ በ2015 በግድግዳ ውስጥ ተደፍኖ የኖረ አንድ የኬሚስትሪ ምድጃ ተገኘ። ምድጃው የ1820ዎቹ ዓመታት ሥራ ነው፤ የሕንፃውንም ንድፍ ያወጣው ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን ነው። ከመሬት በታች በጡብ የተሠሩ መተላለፊያዎች ንጹሕ አየር ያመጡለት ነበር፤ ጢሱም በጭስ ማውጫ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ማራገቢያ የለውም፤ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው የእሳቱ ሙቀት ነው። የሞቀ አየር ይቀልላልና ወደ ላይ ይሸሻል፤ በፈንታውም ቀዝቃዛው ይገባል። እሳቱ ሲጠፋ መሳቡም ይቆማል። ዛሬ በእሳቱ ፈንታ በኤሌክትሪክ የሚዞር ማራገቢያ ገብቷል እንጂ አሳቡ ያው ነው።

አሁን ሣጥኑን ከፊቱ ቆመን እንየው። ከጠረጴዛ ከፍታ ላይ የሚቀመጥ፣ ሰፊ አፍ ያለው ቁም ሣጥን ይመስላል። በፊቱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መስተዋት አለው። ይህ መስተዋት አየሩ የሚገባበትን አፍ ለማስፋትና ለማጥበብ ያገለግላል፤ አንድ ነገር ቢፈናጠርም ፊትን ይከልላል። በአፉ ታችኛ ከንፈር ላይ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ጐበጥ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ይደረጋል፤ አየር ስለታም ጠርዝ ሲመታ ይሽከረከራልና በዚህ በለስላሳው ላይ እየተንሸራተተ እንዲገባ ነው። ወደ ውስጥ ስንመለከት ከኋላው ግድግዳ ጥቂት ራቅ ብሎ የቆመ ሌላ ሰሌዳ እናያለን፤ ከታች፣ ከመካከልና ከላይ ስንጥቆች አሉት። አየሩ በእነዚህ ስንጥቆች ተከፋፍሎ ስለሚሳብ የሣጥኑ ክፍል ሁሉ ይጠረጋል። ይህ ሰሌዳ ባይኖር አየሩ በላይኛው ቀዳዳ ብቻ እየተሳበ፣ በጠረጴዛው ላይ ያለው ጢስ እዚያው ሲንከላወስ ይውላል። ከማድ ቤት ጢስ ማውጫ የሚጐድለው አንዱ ነገር ይኸው ሰሌዳ ነው።

አንዳንድ ተማሪ፣ «ክሎሪን ከአየር ሁለት ጊዜ ተኩል ያህል ይከብዳልና ከታች፣ አሞንያ ይቀልላልና ከላይ መሳብ አለበት» ይላል። አስተሳሰቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጋዙ ከብዙ አየር ጋር ከተደባለቀ በኋላ የሚሄደው አየሩ ወደሚሄድበት ነው። ጥቂት ቀለም በወንዝ ውስጥ ቢጨመር ወንዙን ተከትሎ ይወርድ የለምን?

ወደ ፍጥነቱ እንምጣ። በአፉ በኩል የሚገባው አየር ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ያህል እንዲሄድ ይደረጋል፤ ከ0.4 እስከ 0.6 ሜትር ድረስ የተለመደ ነው። ይህ በጉንጭ ላይ ሲነፍስ እንኳ ብዙም የማይታወቅ ቀስተኛ ነፋስ ነው። ወላጆች፣ «ገንዘብ ካወጣን አይቀር ኃይለኛ ሞተር ይግባበት» ሊሉ ይችላሉ። ይህ ግን ጕዳት አለው። ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ0.75 ሜትር ያህል ሲያልፍ አየሩ በሠራተኛው ደረትና ክንድ ዙሪያ መሽከርከር ይጀምራል፤ የወንዝ ውኃ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ሲዞር የምናየው ዓይነት ነው። ያ ሽክርክሪት ጢሱን ከሣጥኑ ውስጥ እየጐተተ ወደ አፍንጫው ያመጣዋል።

ለማነጻጸር ያህል ሰው በመደበኛ እርምጃው ሲሄድ በሴኮንድ ከአንድ ሜትር በላይ ይጓዛል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ከሣጥኑ ፊት ፈጠን ብሎ ቢያልፍ በኋላው የሚያስከትለው ነፋስ ሣጥኑ የሚስበውን ሊያሸንፍና ጢሱን ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ሣጥኑ ከበር አጠገብ፣ ከሚከፈት መስኮት ጎን፣ ወይም ተማሪ በሚመላለስበት መተላለፊያ ላይ አይቀመጥም። በላቦራቶሪያችን ባዶ ሆኖ ለሣጥኑ የታሰበው ቦታ በበሩ አጠገብ ያለው ነው፤ ባዶ የሆነውም ሁሉም ሰው ስለሚያልፍበት ነው። በመጨረሻው ማዕዘን ያለው የመጻሕፍት መደርደሪያ ወደ በሩ ቢዛወርና ሣጥኑ በእርሱ ቦታ ቢገባ የተሻለ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ተራ ሒሳብ ነው። አፉ 1.5 ሜትር ወርድ ቢኖረውና መስተዋቱ ግማሽ ሜትር ተከፍቶ ቢሠራ የአፉ ስፋት 0.75 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህን በግማሽ ሜትር ፍጥነት ብናባዛው በሴኮንድ 0.375 ሜትር ኩብ፣ በሰዓት 1,350 ሜትር ኩብ አየር ይወጣል ማለት ነው። 8 ሜትር ርዝመት፣ 6 ሜትር ወርድና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል የሚይዘው አየር 144 ሜትር ኩብ ነው። እንግዲህ ሣጥኑ የእንዲህ ያለውን ክፍል አየር በሰዓት ከ9 ጊዜ በላይ ያወጣዋል። የወጣው ያህል ከውጭ መግባት አለበት። በሩና መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ተደርጎ ቢዘጋ ማራገቢያው በከንቱ ይዞራል፤ ከጠርሙስ ውስጥ አየር በአፉ መጥጦ ለመጨረስ የሚታገል ልጅ ይመስላል። መግቢያው ከሣጥኑ ርቆ በወዲያኛው ግድግዳ ቢሆን ነፋሱ የሣጥኑን አፍ በቀጥታ አይመታውም።

ክፍሉን በክረምት ማሞቅ በበጋም ማቀዝቀዝ በሚያስፈልግበት አገር ይህ ሁሉ አየር ትልቅ ወጪ ነው፤ በአሜሪካ የሎረንስ በርክሊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች አንድ ሣጥን ከሦስት መኖሪያ ቤቶች የሚበልጥ ኃይል እንደሚፈጅ ገምተዋል። ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ መስተዋቱ ሲወርድ የሚሳበውን አየር በራሱ የሚቀንስ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ዋጋውን ይመልሳል። እኛ ግን በአዲስ አበባ ክፍላችንን አናሞቅም፣ አናቀዘቅዝም፤ በመስኮት የሚገባው አየር ገንዘብ አያስወጣንም። ስለዚህ ለእኛ ቀላሉ ዓይነት ይበቃል፤ ይኸውም መስተዋቱ ሲወርድ አየሩ ከመስተዋቱ በላይ ባለ ሌላ ክፍተት እንዲገባ የተደረገው ነው። ይህ ክፍተት ባይኖር አፉ በጠበበ ቍጥር ፍጥነቱ እየበረታ የቡንዘኑን ነበልባል ያወዛውዛል፣ ዱቄትንም ይበትናል።

አዲስ አበባን ካነሣን ስለ ከፍታዋ አንድ ነገር እንጨምር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። እዚህ አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ጠለል ካለው ሲነጻጸር የሚመዝነው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ማራገቢያው አንድ አራተኛ ያህል ይጐድልበታል ብሎ የሚሰጋ ሰው ይኖራል፤ ስጋቱ ግን መሠረት የለውም። አንድ ማራገቢያ በአንድ ፍጥነት ሲዞር የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት በቆላም በደጋም ያው ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ክብደትና ማራገቢያው የሚፈጥረው ግፊት ነው፤ የቧንቧው ተቃውሞም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሚሳሳተው መለኪያው ነው። የአየርን ፍጥነት በግፊት የሚለካ መሣሪያ በባሕር ጠለል የተዘጋጀለትን ሰንጠረዥ ይዞ እዚህ ቢሠራ ፍጥነቱን ከእውነተኛው 13 ከመቶ ያህል አሳንሶ ይናገራል። ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ይህን ቁጥር የ0.75ን ካሬ ሩት አውጥቶ ሊያገኘው ይችላል። ነፋሱ ራሱ እያሽከረከረው የሚለካው ባለ ክንፍ መሣሪያ ከዚህ ስሕተት ነጻ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሣጥኑን የሚተክለው ባለሙያ በምን እንደሚለካ መጠየቅ ይገባል።

ማራገቢያው የት ይቀመጥ? ለጥገና እንዲቀልል ተብሎ በሣጥኑ አናት ላይ የሚያስቀምጡት አሉ። ትክክለኛ ቦታው ግን በቧንቧው መጨረሻ በጣራው ላይ ነው። ከማራገቢያው በፊት ያለው ቧንቧ ይስባል፣ ከማራገቢያው በኋላ ያለው ይገፋል። ቧንቧ ደግሞ ዕድሜው ሲገፋ መሰንጠቁ አይቀርም። ማራገቢያው በጣራ ላይ ከሆነ በሕንፃው ውስጥ የሚያልፈው ቧንቧ ሁሉ የሚስብ ስለሚሆን፣ ቢሰነጠቅም የክፍሉ አየር ወደ ቧንቧው ይገባል እንጂ ጢሱ ወደ ክፍሉ አይወጣም። ማራገቢያው በታች ከሆነ ቧንቧው ባለፈበት ሁሉ በየስንጥቁ ጢሱን ሲያድል ይኖራል። ዋጋው አንድ ሆኖ ሳለ ቦታው ብቻ ይህን ያህል ልዩነት ማምጣቱ የሚያስደንቅ ነው።

የቧንቧው ጫፍ ከጣራው በላይ ቢያንስ 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ጢሱን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰማይ መልቀቅ አለበት። ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ በከተማችን በጭስ ማውጫ ላይ ሁሉ የሚደፋው የቆርቆሮ ባርኔጣ ለዚህ አይሆንም፤ ጢሱን መልሶ ወደ ጣራውና ወደ መስኮቶቹ ያወርደዋልና። ለክረምቱ ዝናብ በጫፉ ዙሪያ ሰፋ ያለ ሌላ ቧንቧ ይጨመርለታል፤ ሰያፍ የሚመጣው ዝናብ ሰፊውን ቧንቧ መትቶ በሁለቱ መካከል ይወርዳል።

ስለ ሥሪቱም እንናገር። የማይዝግ ብረት ስሙ ያታልላል። ለዘይትና ለእንፋሎት ጠንካራ ነው፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን ይበሳዋል። በትምህርት ቤት ደግሞ አዘውትረን የምንጠቀምበት አሲድ ይኸው ነው። ስለዚህ ቧንቧውና የማራገቢያው ክንፍ ፒቪሲ ወይም ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው ፕላስቲክ ቢሆን፣ ጠረጴዛውም ኤፖክሲ ወይም አሲድ የሚችል ታይል ቢለብስ ይመረጣል። ፕላስቲክ እሳት እንደማይወድ ግን መርሳት አይገባም፤ ቡንዘን ሲነድ ከግድግዳው መራቅ አለበት፣ ሶኬቱና ማብሪያ ማጥፊያውም ከሣጥኑ ውጭ ይደረጋሉ። የማይዝግ ብረት የሚመረጥበት ሥራ አለ፤ ለምሳሌ ራዲዮአክቲቭ ነገር የሚሠራበት ሣጥን በቀላሉ እንዲጠረግ ለስላሳ ሆኖ ከዚህ ብረት ይሠራል። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ መስተዋትን ስለሚበላ በመስተዋቱ ፈንታ ግልጽ ፕላስቲክ ይገባል። ፐርክሎሪክ አሲድ ሲሞቅ ትነቱ በቧንቧው ውስጥ እየደረቀ የሚፈነዳ ጨው ይተዋልና ውስጡን በውኃ የሚያጥብ ልዩ ሣጥን ያስፈልገዋል። እነዚህ ሁለት አሲዶች በትምህርት ቤት በር ባይገቡ ይሻላል።

አሁን ወደ አንደኛው ሐሳብ፣ ከሰል ወዳለው ሣጥን፣ እንመለስ። ብዙ ደጋፊ እንዳለው ሰምቻለሁ፤ ምክንያቱም ጣራ መብሳት አያስፈልገውም፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሊዛወር ይችላል፣ ሲያዩትም ያምራል። በውስጡ ያለው ልዩ ሆኖ የተዘጋጀ፣ እጅግ ብዙ ረቂቅ ቀዳዳ ያለው ከሰል ነው፤ የቤንዚንንና የመሳሰሉትን ትነት በላዩ ይይዛል። የአሲድን ወይም የአሞንያን ትነት ለመያዝ ግን በሌላ መድኃኒት የተነከረ ከሰል ይፈልጋል፤ ሃይድሮጅንን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሜቴንን ደግሞ አይዝም። ዕለት ዕለት አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ለሚሠራ ላቦራቶሪ ይህ አይከፋም። የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ግን ሰኞ ክሎሪን፣ ረቡዕ አሞንያ፣ ዓርብ አልኮል የሚሠራበት ቦታ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ከሰሉ መሙላቱ በዐይን አለመታየቱ ነው። የሞላ ከሰል መልኩ እንደ አዲሱ ነው፤ ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ጢሱ ግን በማጣሪያው አልፎ ተመልሶ ወደ ተማሪው ይመጣል። ስለዚህ ማጣሪያው በየጊዜው እየተገዛ መለወጥ አለበት። ዘንድሮ ገንዘብ ያዋጡት ወላጆች ልጆቻቸው ትምህርት ጨርሰው ከወጡ በኋላ የማጣሪያውን ዋጋ ማን ይከፍላል? ይህን ጥያቄ ሻጩ አያነሣውም፤ ኮሚቴው ግን ሊያነሣው ይገባል። ላቦራቶሪያችን ከበላዩ ፎቅ የሌለው ሕንፃ ስለ ሆነ ጣራውን መብሳት ከባድ ሥራ አይሆንም፤ በኔ አስተያየት ሦስተኛው ሐሳብ ከሁለቱ ይበልጣል።

ከውጭ አገር ያገለገለ ዕቃ በስጦታ የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ እንዲህ ሲሆን ስሙን አጣርቶ መቀበል ያስፈልጋል። የጀርም ሥራ የሚሠራበት ሣጥን ከሩቅ ሲያዩት የጢስ ማውጫ ሣጥን ይመስላል፤ ማጣሪያው ግን ጀርምንና አቧራን እንጂ ጋዝን አይዝም፣ ብዙውንም አየር መልሶ ወደ ክፍሉ ይለቃል። ሌላም አለ፤ በላዩ ያለውን ዕቃ ከአቧራ ለመጠበቅ ንጹሕ አየር ከውስጥ ወደ ውጭ የሚነፋ ጠረጴዛ ነው። በዚህ ላይ ክሎሪን የሚሠራ ሰው ክሎሪኑን በማራገቢያ ወደ ገዛ ፊቱ ያስነፋል።

በፋብሪካ ነገሩ ይሰፋል፤ ገንዳው በሣጥን ውስጥ አይገባምና ሣጥኑ ወደ ገንዳው ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ሙከራ እናስታውስ። ሻማን በአፍ ነፍቶ ከክንድ ርቀት ማጥፋት ይቻላል፤ በአፍ ስቦ ማጥፋት ግን አይቻልም። የሚነፋ አየር ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ የሚሳብ አየር ግን ከዙሪያው ሁሉ ስለሚመጣ ከአፉ ጥቂት ሲርቁ ኃይሉ ያልቃል። ከመሳቢያው ቧንቧ አፍ የአፉን ስፋት ያህል ብቻ ብንርቅ የአየሩ ፍጥነት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ስለዚህ ብረት በሚለበጥበት ፋብሪካ በአሲዱ ገንዳ ጠርዝ ላይ ረጅም ስንጥቅ ያለው መሳቢያ ይደረጋል፤ ገንዳው ሰፊ ከሆነም ከአንዱ ጠርዝ እየነፉ በሌላው ጠርዝ ይስባሉ። እንደ ጃንጥላ ከላይ የሚንጠለጠለው ክዳን ለጋለ ነገር ብቻ ይበጃል፤ ሠራተኛው በገንዳው ላይ የሚያጐነብስ ከሆነ ግን እንጀራ የምትጋግረው እናት ዕጣ ይደርሰዋል። ሣጥንም ክዳንም የማይበቃበት ቦታ አለ። ሞጆ ከተማ እንዳሉት ባሉ ቆዳ ፋብሪካዎች ጠጉሩን ከቆዳው ለማንሣት ሰልፋይድ ይጠቀማሉ፤ በሌላው የሥራ ደረጃ ደግሞ አሲድ ይጨምራሉ። የሁለቱ እጣቢ በአንድ ቦይ ቢገናኝ ያ ቀደም ብለን ያየነው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይነሣል። መድኃኒቱ ሁለቱን ቦዮች መለየት ነው።

ሣጥኑ ከተተከለ በኋላ መሥራቱ በምን ይታወቃል? የማራገቢያው ድምፅ ማስረጃ አይሆንም። በመስተዋቱ ታችኛ ጠርዝ ላይ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ቢለጠፍ ወደ ውስጥ ማዘንበሉ ዕለት ዕለት ይታያል። ከዚህ የሚሻለው፣ በሣጥኑ ውስጥ የሚነድ ፈሳሽ በሌለበት ጊዜ፣ ተለኵሶ የጠፋ ጧፍ ይዞ በአፉ ዙሪያ ሁሉ ቀስ ብሎ ማዞር ነው፤ የጢሱ ክር በየት በኩል እንደሚገባ፣ በየት በኩልም እንደሚንገዳገድና ተመልሶ እንደሚወጣ ይታያል። ዕጣን ግን ከፍም ስለሚደረግበት ሙቀቱ ጢሱን በራሱ ኃይል ወደ ላይ ይወስደዋልና ለዚህ አይመችም። በመለኪያ ሲለካም አፉ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ በእያንዳንዱ መካከል ይለካል፤ አንዱ 0.7 ሌላው 0.3 ሆኖ አማካዩ 0.5 ቢመጣ ሣጥኑ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። በአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማናፈሻ መሐንዲሶች ማኅበር 110 ብሎ ባወጣው ፈተና ደግሞ በሣጥኑ ውስጥ በደቂቃ 4 ሊትር ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ይለቀቃል፤ በፊቱም የሰው ምስል ይቆምና ምን ያህል ጋዝ ወደ አፍንጫው እንደ ደረሰ ይለካል። ሰው ያልቆመበት ሣጥንና ሰው የቆመበት ሣጥን እንደማይመሳሰሉ መሐንዲሶቹ ስላወቁ ነው።

አጠቃቀሙን በጥቂት ቃል እንለፈው። ሥራው ከአፉ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይሠራል፤ መስተዋቱ ከአገጭ በታች ይሆናል፤ ራስ ወደ ውስጥ አይገባም፤ እጅም በችኰላ አይወጣም። ትልልቅ ዕቃ አየር በሥሩ እንዲያልፍ በእግር ላይ ከፍ ይደረጋል። ጠርሙስ ማከማቻ ማድረግ በየአገሩ ያለ ልማድ ነው፤ ስንጥቆቹን ይደፍናልና ክልክል ሊሆን ይገባል።

ሣጥኑ አፍንጫን እንጂ እጅን እንደማይጠብቅም ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የዳርትመዝ ኮሌጅ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ካረን ዌተርሃን በኦገስት 1996 በጢስ ማውጫ ሣጥን ውስጥ ሲሠሩ ጥቂት የዳይሜቲል ሜርኩሪ ጠብታ በላቴክስ ጓንታቸው ላይ ወደቀ። ጓንቱ ምንም አልተቀደደም፤ መርዙ ግን በሴኮንዶች ውስጥ ዘልቆ እንደሚያልፍ በኋላ በተደረገ ምርመራ ታወቀ። በጁን 1997 ሞቱ። ሣጥኑ ሥራውን በሚገባ ሠርቶ ነበር።

ለአገራችን ደግሞ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ፤ መብራት ይጠፋል። መብራት በጠፋ ጊዜ ሣጥኑ ወዲያው ተራ ቁም ሣጥን ይሆናል፤ ሙከራው ግን ጢሱን ማውጣቱን አያቆምም። ስለዚህ ቡንዘኑን አጥፍቶ፣ መስተዋቱን እስከ መጨረሻው አውርዶ ከክፍሉ መውጣት ነው። ጀነሬተር ቢኖርም ማራገቢያው በእርሱ መስመር ላይ መግባቱን ገና ሲተከል ማረጋገጥ ይገባል፤ መብራት ሲመለስም ማራገቢያው በራሱ ይነሣ ወይስ ሰው ያስነሣው የሚለው አስቀድሞ ታውቆ በሣጥኑ ላይ ይጻፍ።

ሣጥኑ እስኪመጣ ድረስ የሙከራው ትምህርት ይቋረጥ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። እኔ አልስማማም። ክሎሪንን በትልቅ ጠርሙስ መሙላት አያስፈልግም፤ ክዳን ባለው ጠፍጣፋ የመስተዋት ሳሕን ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ በረኪናና አሲድ ቢገናኙ ቀለሙን ለማየትና እርጥብ የሆነ ባለቀለም ወረቀት ሲያነጣ ለመመልከት ይበቃል፤ ይህም በመምህር እጅ የሚሠራ ነው። የናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱ ሙከራ በውጭ፣ ከላቦራቶሪው በስተጀርባ ባለው ሣር ላይ፣ ተማሪዎች ሁሉ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ቆመው ቢታይ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ ደግሞ ሣጥኑ እስኪተከል ቢቆይ፣ የዘንድሮው ትምህርት ብዙም ሳይጐድል ማለፍ ይችላል።